ከጅማ ደርሶ መልስ በዓመት 300 ወፍ፦ ይሆናል ወይስ ወፍ የለም?

የጅሬን_ልጅ · መስከረም 2 ቀን 2017

እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት ሰው በግ ሲገፍ እኔ ጅሬን ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ቆሜ ወፍ ስቆጥር ነበር። እናቴ "በዓውደ ዓመቱም?" አለችና ዝም። እሷ ዝም ካለች ነገሩ ከባድ ነው።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ 300 የወፍ ዓይነት ማየት። ፈረንጆቹ ዓመታዊ ዝርዝራቸውን ከጃንዋሪ ይጀምራሉ። እኔ የራሴ ዓመት አለኝ፣ ያውም አሥራ ሦስት ወር ያለው።

ደንቡ አንድ ነው፦ ደርሶ መልስ። ጠዋት ከጅማ ወጥቼ ማታ አልጋዬ ላይ ካልተኛሁ ያየሁት አይቆጠርም። መኪና የለኝም። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ስልክ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ሱቁን የምዘጋው እሁድ ብቻ ነው። 52 እሁድ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ሰርግና ለቅሶ ቀንሱ።

የትናንቱ ውጤት 31። ቁጥር አንድ ማን እንደሆነ ገምቱ። ቁራ! ያ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው። ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የትም ስለሌለ ሰው እሱን ለማየት ውቅያኖስ ያቋርጣል። እኛ ሥጋ ሊሰርቅ ነው ብለን ድንጋይ እናነሳለን።

ምን ትላላችሁ? ይቻላል?

ባይኖኩላር_የለኝም · መስከረም 2

ወፍ የለም።

ይቅርታ፣ አፌን በላኝ። እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ርግብ፣ ድንቢጥና አሞራ ነው። ሦስት። 297 ቀረኝ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ባይኖኩላሩ ስንት ነው? "8 በ 42" የሚባለውስ ምንድነው?

የጅሬን_ልጅ · መስከረም 2

8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። እሱ ሰፋ ሲል ጫካ ውስጥም ጨለምለም ሲልም ይታይሃል። 12 እጥፍ ምናምን የሚሉህን አትግዛ፤ እጅህ ሲንቀጠቀጥ ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የኔ ያገለገለ ነው። አንድ ደንበኛ ለጥገና ሂሳብ ምትክ የሰጠኝ።

ሁድሁድ · መስከረም 3

በመስከረም መጀመርህ ጎበዝ ያሰኝሃል፤ አስበህበትም ሆነ ሳታስብ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት አሁን ነው መግባት የሚጀምሩት። ቢጫ ዋግቴሉ፣ ስዋሎው፣ ንብ በሊታው፣ ሽመላው። አብዛኞቹ እስከ ሚያዝያ ይቆያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ እንግዶቹን ያዝ። አገሬዎቹ የትም አይሄዱብህም።

ግን 300 በደርሶ መልስ? ወንድሜ፣ ብዙ ነው። በአገሪቱ የተመዘገበው ሁሉ ተደምሮ ከ850 በላይ ነው። አንተ ደግሞ ባሌም፣ ስምጥ ሸለቆም፣ ቦረናም የለህም። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ክፍል ውስጥ ተስፋ ማስቆረጥ አልወድም። ግን 250 ካገባህ እኔ ራሴ ክትፎ እጋብዝሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። በፈረንጆች 2015 ኖኣ ስትራይከር የሚባል አሜሪካዊ 41 አገር ዞሮ በአንድ ዓመት 6,042 ዓይነት አየ። በዓመቱ አርያን ድዋርስሃውስ የሚባል ሆላንዳዊ ከ6,800 በላይ አስመዝግቦ በለጠው። የዓመት ሙሉ ሩጫ፣ የሁለተኛ ደረጃ ወሬ ሆኖ ቀረ። ቁጥር እንዲህ ነው።

ወፍ_ዘራሽ · መስከረም 5

እኔ ጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አካባቢ ቡና አለኝ። ወንድሜ፣ ጫካ ጫካ ብለህ ሩቅ አትሂድ። ና ወደ ቡና ጥላ። በ2015 የፈረንጆች የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ በደቡብ ምዕራብ የጥላ ቡናና የተፈጥሮ ጫካ ላይ መረብ ዘርግተው ወፍ አወዳድረው ነበር። ቡናው ውስጥ ያገኙት የዓይነት ብዛት ከጫካው ከሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ጫካ ውስጥ ያገኟቸውን ደግሞ ሁሉንም ቡናው ውስጥም አግኝተዋቸዋል።

ሳሳና ዋንዛውን ያልቆረጥኩት ለወፍ ብዬ አይደለም፣ ውሸት አልናገርም። ለቡናው ብዬ ነው። ግን ሾላው ሲያፈራ የሚሆነውን መጥተህ እይ። ያ ጉንጩ ብርማ የሆነው ሆርንቢል ሲበር ክንፉ እንደ አሮጌ ሎንቺን ነው የሚያስተነፍሰው።

ሚስቱ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በጭቃ እንደምትታሸግ ታውቃላችሁ? ጭቃውን እሱ ያመጣላታል፣ እሷ ከውስጥ ትለጥፋለች። ምንቃር የምታሾልክበት ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ከሦስት ወር በላይ ፍሬ እየተሸከመ ይመግባታል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት "አየህ ባል!" አለችኝ። ካሁን በኋላ ወፍ ነክ ነገር ቤት ውስጥ አልናገርም።

ሁድሁድ · መስከረም 5

ጥናቱ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ አታውራ ወንድሜ። ጫካው ወለል ላይ ተደብቀው ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች ቡናው ውስጥ ያንሳሉ። ጫካው ካለቀ እነሱም ያልቃሉ። ቡናው ጫካውን አይተካውም።

ወፍ_ዘራሽ · መስከረም 5

እሺ መምህር፣ ተቀበልኩ። ጫካ ይቁረጥ ያለ ግን የለም።

የጅሬን_ልጅ · ጥቅምት 3

88። አጋሮ ሄጄ ነበር፣ ወፍ_ዘራሽ ቤት። ለቁርስ ገንፎ፣ ለምሳ ደግሞ የሚነገር አይደለም። ሦስት ኪሎ ጨምሬ ሃያ ሁለት አዲስ ዓይነት ይዤ ተመለስኩ። ነጭ ጉንጩን ቱራኮ አራት ሜትር ላይ አየሁት። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ነው፤ ተነስቶ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ።

ሁድሁድ · ጥቅምት 4

ያ ቀይ ቀለም እኮ መዳብ አለበት! እውነተኛ መዳብ። የሌላው ወፍ ላባ ቀለም እንዲህ አይደለም። ተማሪዎቼ የሚያምኑኝ ይህን ስነግራቸው ሳይሆን ስለ ፈተና ሳወራ ብቻ ነው።

አባ_ቦዬ · ጥቅምት 6

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ይህን ገጽ የልጅ ልጄ ነው የከፈተልኝ። የምኖረው ቦዬ ረግረግ አጠገብ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ውሃው ዳር ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ጋጋኖውን፣ ሳቢሳውን፣ አባ ኮዳውን አውቃለሁ። ሌላውን በመልኩ እንጂ በስሙ አላውቀውም። እነዚያ ረጃጅሞቹን፣ ጉሮሯቸው ላይ ሥጋ የሚንጠለጠለውን፣ በናንተ ቋንቋ ምን ትሏቸዋላችሁ? ዘውድ የደፉትስ?

የጅሬን_ልጅ · ጥቅምት 6

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሁለቱም ክሬን ይባላሉ። ጉሮሮው ላይ የሚንጠለጠልበት "ዋትልድ ክሬን" ነው፣ ዋናው አገሩ ደቡባዊው አፍሪካ ሆኖ የኛዎቹ ከዚያ ተነጥለው ለብቻቸው ይኖራሉ። ዘውድ የደፋው ጥቁሩ ነው። ሁለቱም በዓለም ደረጃ ሥጋት ላይ ናቸው።

ለባጃጅ ሹፌር "ክሬን ላይ ልሄድ ነው፣ ቦዬ" ብዬው የግንባታ ክሬን መስሎት "እዚያ ፎቅ እየተሠራ ነው እንዴ?" አለኝ። ጋሼ፣ እሁድ ብመጣ ይፈቅዱልኛል?

አባ_ቦዬ · ጥቅምት 6

ፈቃድ የሚጠየቀው ክሬኖቹ ናቸው። ና። ቡና አለ።

ባይኖኩላር_የለኝም · ጥቅምት 7

ቆይ፣ እንግዲህ እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። በአማርኛ ትልቁ ሁሉ አሞራ፣ ትንሹ ሁሉ ወፍ ነው። ለምን ስም የለንም?

ወፍ_ዘራሽ · ጥቅምት 7

አለን እንጂ! ስም የምናወጣው ለሚያስቸግረንና ለሚጠቅመን ነው። ማሽላውን የሚጨርሰው ግሪሳ ነው፣ ያውም ስሙን ስትጠራ ገበሬ ይደነግጣል። ወደ ቀፎ የሚጠራህ ማር መሪ ነው። ግንድ የሚደበድበው ግንደ ቆርቁር። እርኩም አለ። የገበሬ ልጅ ስትሆን ኦሮምኛውንም ጨምርበት፣ ከኔ ይልቅ አባቴ ብዙ ያውቃል። ያልጠቀመን ያልጎዳን ነው ስም የለሽ የቀረው።

ሁድሁድ · ጥቅምት 7

የኔም ስም አትርሱ። ሁድሁድ ቁርአን ውስጥ ለሱለይማን የሳባን ወሬ ያመጣው ወፍ ነው። ዘውዳም ነው፣ ክንፉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሣር ላይ ምንቃሩን እየወጋ ይሄዳል። ጅማ ውስጥ ግቢያችሁ ድረስ ይመጣል። ስሙን የሚያውቅ ሁሉ ወፉን ያውቀዋል ማለት ግን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢያችን ሲመላለስ ዓይቼ ያው እሱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የጅሬን_ልጅ · ታኅሣሥ 27

171። ብዙ ቆየሁ፣ ይቅርታ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቀበሮ የማያልፍበት ቦታ ላይ ቆሜ ውሃ ዳር የተደረደሩ ዳክዬዎችን ስቆጥር ጥበቃ ያዘኝ። የት እንደሆነ አልናገርም። ባይኖኩላር፣ አሮጌ ካሜራ፣ ትንሽ ደብተር። ደብተሩን ከፈተው። "ወንድ 1፣ ሴት 2። 1፡40 ላይ ወደ ሰሜን ሄዱ። ከኋላ 6 ተከተሏቸው። ነገ ይጣራ።" ፊቱ ተለወጠ።

አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። "ማን ናቸው ሴቶቹ?" ይላል። "ዳክዬ" እላለሁ። "የምን ኮድ ነው ዳክዬ?" ይላል። በመጨረሻ አለቃቸው መጣ። ስልኬን ከፍቼ የዳክዬ ፎቶ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየውና "እናንተ ልጆች ሥራ የላችሁም?" ብሎ ለቀቀኝ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ሳልጠይቅ ነው የቆምኩት። አሁን የትም ስሄድ መጀመሪያ ጥበቃውን ሰላም እላለሁ፣ ባይኖኩላሩንም እሰጠዋለሁ። አንዴ ካየበት ጓደኛ ነው።

ባለፈው እሁድ አንዱ ጥበቃ አሣ በሊታውን ንስር እሱ ነው ያሳየኝ። "ያውልህ ነጭ ራስ ያለው፣ ጠዋት ጠዋት አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል" አለኝ። ከመጽሐፍ የተሻለ ነው የገለጸው።

ባይኖኩላር_የለኝም · ታኅሣሥ 27

"ነገ ይጣራ" ሞቼ ነበር በሳቅ። እኔም 24 ደርሻለሁ፣ በባዶ ዓይን። ድንቢጥ ያልኩት አራት የተለያየ ነገር ሆኖ ተገኘ።

የጅሬን_ልጅ · ጥር 12

189! ጥምቀት ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ስንሄድ ከአንድ ግቢ ውስጥ ቀይ ደረት ኩኩን ሰማሁት። ሦስት ኖታ፣ እየወረደ የሚሄድ። ስልኬ ላይ ያለው መርሊንም (ድምፅ ሰምቶ ወፍ የሚለይ መተግበሪያ ነው) "እሱ ነው" አለ። አላየሁትም ግን ድምፁን ሰማሁ። መዘገብኩ።

ሁድሁድ · ጥር 12

ጥር ላይ? ቀይ ደረት ኩኩ?

የጅሬን_ልጅ · ጥር 12

ምነው?

ሁድሁድ · ጥር 12

ያ ወፍ ዝናብ ሲቃረብ ነው የሚጮኸው። ጥር ላይ ጅማ አቧራ ናት። ድምፁ የመጣው ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ነው ወይስ ከቁጥቋጦ?

የጅሬን_ልጅ · ጥር 13

ከአጥር ሥር ካለ ቁጥቋጦ። ከዚያ ደግሞ እንደ ሌላ ወፍ አፏጨ። ከዚያ እንደ ሌላ።

ሁድሁድ · ጥር 13

እንግዲያው ሩፔል ሮቢን-ቻት ነው። ደረቱ ብርቱካናማ፣ ዓይኑ ላይ ነጭ ሰረዝ ያለው። ግቢ ውስጥ የሚኖር አስመሳይ ነው፣ የሌላ ወፍ ድምፅ ይሰርቃል። ቀይ ደረት ኩኩን መቅዳት ደግሞ ይወዳል። ስልክህ የሰማው ዘፈኑን እንጂ ዘፋኙን አይደለም።

የቦንጋው · ጥር 13

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ግን ሰምቶ መቁጠርን በአጠቃላይ አልቀበልም። ካላየህ አላየህም። አለቀ።

ወፍ_ዘራሽ · ጥር 13

እንደሱ ካልክ ማታ የሚጮኸውን ሁሉ ሰረዝክ። ጉጉት ማን ያያል?

ሁድሁድ · ጥር 14

አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1990 የፈረንጆች ነጭ ሣር ሜዳ ላይ አጥኚዎች መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አገኙ፤ ከሱ ያዳኑት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። አንድ ክንፍ። ብዙ ካነጻጸሩ በኋላ ለሳይንስ አዲስ ዓይነት ነው ብለው በ1995 ስም አወጡለት፤ የላቲን ስሙም "ብቸኛ ክንፍ" የሚል ትርጉም አለው። የነጭ ሣር ናይትጃር። አጥብቀው ስለመረመሩ በአንድ ክንፍ ወፍ ቆመ። እናንተ ደግሞ ሙሉ ዘፈን ሰምታችሁ ተሳሳታችሁ። ነገሩ ማየትና መስማት አይደለም፤ ስትጠራጠር ምን ታደርጋለህ ነው።

የጅሬን_ልጅ · ጥር 14

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ብል ማጋነን ነው። ግን ተናድጄ ነበር። ዛሬ 11 ተኩል ላይ ያንኑ ግቢ አጥር ሄጄ ቆምኩ። ሩፔል ሮቢን-ቻት። በዓይኔ አየሁት፣ አፉን ከፍቶ የኩኩውን ድምፅ ሲያወጣ። አፍሬ ሳቅኩ።

188። ሮቢን-ቻቱን ከመስከረም ጀምሮ ስለቆጠርኩት እሱም አይደመርልኝም።

የቦንጋው · ጥር 15

ክብር ይስጥህ። ብዙ ሰው አይሰርዝም።

ለመሆኑ ቦንጋ ደርሰህ ትመለሳለህ አይደል? በሚኒባስ ጠዋት 11 ሰዓት ከወጣህ ይበቃሃል። የኛ ጫካ በ2010 የፈረንጆች በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል። ቡናም ከኛ ነው የወጣው፣ ስሙ ራሱ ከካፋ ነው ይባላል። ለጅማ ዝርዝር የኛን ወፍ ስትቆጥር ግን ቢያንስ "ከካፋ የተገኘ" ብለህ ጻፍ።

ወፍ_ዘራሽ · ጥር 15

ይኸው ጀመረ። ቡናችሁን ወፍ ወደኛ ነው ያመጣው እንበል? ወፍ ዘራሽ ይሉታል።

የጅሬን_ልጅ · የካቲት 16

ቦንጋ ሄጄ ነበር። የቦንጋው ሰው ወንዝ ዳር ሦስት ሰዓት ቁጭ አድርጎ ምንም አታውራ አለኝ። መጨረሻ ላይ ደረቱ ላይ ግማሽ አንገት ልብስ ያሰረ የመሰለ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውሃው ላይ ስስ ብሎ አለፈ። ሃፍ-ኮላርድ ኪንግፊሸር። ሦስት ሰዓት ለሁለት ሰከንድ። በመንገድ ላይ በለጠ ጫካ ላይ ወርጄ ናሪና ትሮጎን ፈለግሁ፤ ሰማሁት፣ አላየሁትም። ከጥር በኋላ ሰምቼ መጻፍ ፈርቻለሁ፣ ባዶ ተመለስኩ።

የቤት ኪራይ ሳልከፍል ነው የዋልኩት ብል እናቴ ይህን ገጽ ታነባለች እንዴ? አታነብም። 207።

አባ_ቦዬ · መጋቢት 8

ልጄ፣ ቦዬ ላይ ትንሽ ነገር ልንገርህ። የጡብ ጭቃ የሚቆፍሩት ሰዎች ወደ ውሃው ተጠግተዋል። ባሕር ዛፉም እየመጣ ነው። እኔ እዚህ ቤት ስሠራ በዚያ ወገን ሣሩ እስከ ጉልበት ነበር። ዛሬ ሄጄ ረገጥኩት፣ ጫማዬ አልረጠበም። ክሬኖቹ ዘንድሮ ወዲያ ማዶ ናቸው። ለዝርዝርህ የሚያስፈልግህን ካላየህ ቶሎ ና።

የጅሬን_ልጅ · መጋቢት 8

ጋሼ፣ ዋትልዱን ጥቅምት ላይ ከእርስዎ ጋር ስላየሁ "ጨርሻለሁ" ብዬ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አልተመለስኩም ነበር። አዲስ ቁጥር አያመጣልኝማ። አሁን ስጽፈው ነውር መሰለኝ። እሁድ እመጣለሁ።

የጅሬን_ልጅ · መጋቢት 14

ከጋሼ ጋር ዋልኩ። አዲስ ዓይነት፦ ዜሮ። አራት ዋትልድ ክሬን፣ ከሩቅ። ጋሼ በባይኖኩላሩ አይተው "አንዱ ያነክሳል" አሉ። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ባይኖኩላር ይዤ አንድ ወፍ ሲያነክስ አላየሁም ነበር። እኔ የማየው ስሙን ለመጻፍ ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ።

የከተማችን መሬት እንዴት እንደሚያዝ የሚወስኑት ሰዎች ይህን አያነቡም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቦዬን ስሄድ ቁጥሩንም እጽፋለሁ፣ ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን። ኢበርድ ላይም (ሰው ያየውን ወፍ የሚመዘግብበት ድረ ገጽ ነው) ስንት እንደነበሩ አስገባለሁ። ቢያንስ የነበሩበት ቀን ይቀመጣል።

ሁድሁድ · መጋቢት 14

ይህን ከመጀመሪያው ቀን ብነግርህ ኖሮ ዘጋኸኝ ነበር። ከኢድ በኋላ እኔም ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ። ባይኖኩላር ሁለት ብቻ ነው ያለን፣ ለ40 ልጅ። ተራ ይጠብቃሉ፣ ለምደውታል።

የጅሬን_ልጅ · ግንቦት 3

ዝናቡ ገባ። 5 ሰዓት ላይ አጋሮ መንገድ፣ ከትልቅ ዛፍ አናት ላይ። ሦስት ኖታ፣ እየወረደ። አንገቴ እስኪደክም ፈለግሁት። ግራጫ ራስ፣ ደረቱ ላይ የዛገ ቀይ፣ ሆዱ ላይ ጥቁር መስመር። ቀይ ደረት ኩኩ፣ ራሱ፣ ኦሪጅናሉ። 239።

ባይኖኩላር_የለኝም · ግንቦት 3

ሮቢን-ቻቱ ሰምቶ ይቀና ይሆን? እኔ 47።

የቦንጋው · ግንቦት 5

ባይኖኩላር የሌለው ሰው ነው የሚያስቀናኝ።

የጅሬን_ልጅ · ሐምሌ 13

ክረምቱ ገደለኝ። እንግዶቹ የሉም። መንገዱ ጭቃ ነው። ሦስት እሁድ በተከታታይ ለቅሶ፣ አንዱ የአጎቴ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት እናቴ ቀሰቀሰችኝ። "ጉጉት ግቢያችን ውስጥ ጮኸ፣ ገና ከሐዘን አልወጣን፣ ሌላ ነገር ሊመጣ ነው" ብላ ፈርታ ነበር። እኔ ደግሞ "የት?" ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ዛፉ ላይ፣ አፍሪካን ዉድ አውል፣ ጥቁር ዓይኖቹን በመብራት አየኋቸው። "እማዬ፣ ዘንድሮ አላየሁትም ነበር!" ብዬ ጮኽኩ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ "በል ጻፈውና ተኛ" አለች።

256። በነጋታው ጎረቤቶቻችን ስለ ጉጉቱ ሲያወሩ እናቴ "ምንም አይደለም፣ ለልጄ ደብተር የመጣ ነው" አለቻቸው።

ወፍ_ዘራሽ · ሐምሌ 13

ነፍስ ይማር፣ ለአጎትህ። እናትህ ግን ከሁላችንም ትበልጣለች።

የጅሬን_ልጅ · ጳጉሜ 5

የመጨረሻ ቀን። ዛሬ ዝናቡ ሳያባራ ሱቁን ዘግቼ ጠዋት ቄራ አካባቢ ሄድኩ፣ ጥንብ አንሳ ለማየት። እዚያ ከጠበቅኋቸው ሦስት ዓይነቶች ሁለቱ ዝርዝሬ ላይ ነበሩ። ሦስተኛው ሩፔል የሚባለው ጥንብ አንሳ ነው፣ አልመጣም። ከሰዓት ቦዬ። ጋሼ ዣንጥላ ይዘው ጠበቁኝ። ምንም አዲስ ነገር አልነበረም። ዘውዳሞቹ ግን ነበሩ፣ 17። ጋሼ 18 ነው ብለው ተከራከሩኝ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርን፣ 18 ነው።

ጠቅላላ 266። ከዚያ ማታ ቁጭ ብዬ ደብተሩን እንደገና አነበብኩት። ሁለት ሲስቲኮላ አሉ፣ እውነቱን ለመናገር ሣር ውስጥ ቡናማ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው የጻፍኳቸው። ኅዳር ላይ ያየሁት ንስርም ስቴፕ ይሁን ቶኒ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሁለቱንም ነበር የጻፍኩት፣ አንዱን ብቻ በትክክል አይቻለሁ። ሦስቱን ሰረዝኩ።

263።

ሁድሁድ · ጳጉሜ 5

ከ250 በላይ ነው። ክትፎው አለብኝ። ነገ ግን አይሆንም፣ ነገ ክትፎ የሚሸጥ ቤት የለም፣ ሁሉም በየቤቱ ነው።

የቦንጋው · ጳጉሜ 5

ስንቱ ከካፋ ነው?

የጅሬን_ልጅ · ጳጉሜ 5

11። "ከካፋ የተገኘ" ብዬ ጽፌያቸዋለሁ፣ ይኸው።

ባይኖኩላር_የለኝም · ጳጉሜ 5

እኔ 61 በባዶ ዓይን። ሽልማት የለውም? ነገስ ከስንት ሰዓት ነው የምንጀምረው?

የጅሬን_ልጅ · ጳጉሜ 5

11 ተኩል፣ አጂፕ ጋ ባጃጅ እይዛለሁ። በጉ ሳይታረድ እመለሳለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ። አንድ ሌላ ያገለገለ ባይኖኩላር አግኝቻለሁ፣ የግራ ዓይኑ ትንሽ ብዥ ይላል። አንተ ትይዘዋለህ።

አባ_ቦዬ · ጳጉሜ 5

ቦት ጫማ አድርጋችሁ ኑ፣ ውሃው ሞልቷል። ያች የምታነክሰዋ ዛሬ ማታ ማዶ ላይ ነበረች።